ቤት ሲሸጥ ለዋጋ ግምት የሚደረግ ዝግጅት፤ ለወላይታ ሶዶ፣ ለአረካና ለዱቦ አካባቢ የቤት ባለቤቶች የተዘጋጀ መረጃ

ቤቱን ለመሸጥ የወሰነ ሰው ስለ ዋጋ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጎረቤቱንና ደላላውን ነው። ሁለቱም የሚነግሩት በቅርብ ስለተሸጠ ቤት የሰሙትን ዋጋ ነው። ይህ ዋጋ ጠቃሚ መነሻ ቢሆንም ግምት አይደለም። ግምት ማለት ሙያው የሚፈቅድለት ሰው ቤቱን በአካል አይቶ፣ ለክቶ፣ ሰነዱን መርምሮና የአሠራር ስሌት ተከትሎ በጽሑፍ የሚያቀርበው ዋጋ ነው። ገዢው የባንክ ብድር የሚጠቀም ከሆነ፣ ቤቱ በውርስ ወይም በፍቺ ምክንያት የሚከፋፈል ከሆነ፣ ወይም ስም ሲዛወር ግብር የሚሰላ ከሆነ፣ የመጨረሻው ውጤት የሚወሰነው በጎረቤት ወሬ ሳይሆን በዚህ ሰነድ ነው።

ለብዙ ቤተሰብ ቤት በሕይወት ዘመኑ ያፈራው ብቸኛ ትልቅ ሀብት ነው። የሚሸጠውም አብዛኛውን ጊዜ በችግር ወቅት ነው፤ ለሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለውርስ ክፍያ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር። በጥድፊያ የተሠራ ግምት በዚህ ጊዜ የሚያስከትለውን ጉዳት በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም ዝግጅቱ ገማቹ በር ከማንኳኳቱ ከሳምንታት፣ ሰነድ የሚጎድል ከሆነም ከወራት በፊት መጀመር ይኖርበታል።

የሚገመተው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ሕግ መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው አረጋግጧል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት እጅ የገባው ደግሞ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በመሆኑም ሻጩ የሚሸጠው ቤቱን፣ አጥሩን፣ የውኃና የመብራት መስመሩን፣ በአጠቃላይ በቦታው ላይ ያፈራውን ነው፤ ከዚያም ጋር የመጠቀም መብቱ ሕጉ በሚፈቅደው ሥርዓት ወደ ገዢው ይተላለፋል።

ይህ ነገር የሕግ ቋንቋ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን በግምቱ ላይ በቀጥታ ይንጸባረቃል። በሶዶ መናኸሪያ አቅራቢያ ያለ ቤትና ከከተማው ዳር ያለ ተመሳሳይ ቤት በገበያ ላይ ዋጋቸው እጅግ ይራራቃል። ልዩነቱ ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ የመጣ አይደለም፤ ከቦታው የመጣ ነው። ገማቾች ይህን ልዩነት የአካባቢውን ደረጃ በሚገልጽ ተጨማሪ ስሌት ያካትቱታል እንጂ መሬቱን በካሬ ሜትር ሸጠው አይተምኑም። ሻጩ «ቦታዬ ብቻ ይህን ያህል ያወጣል» ብሎ ቢከራከር በባለሙያው ዘንድ ተቀባይነት የማያገኘው ለዚህ ነው። ይልቁንም ቤቱ ለአስፋልት መንገድ፣ ለገበያ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ተቋም ያለውን ቅርበት ማሳየት ይጠቅመዋል።

በነባር ይዞታና በሊዝ ይዞታ መካከል ያለውን ልዩነትም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ በሊዝ ሥርዓት እንደሚገባ ይደነግጋል። ገዢው ወደፊት የሊዝ ክፍያ የሚጠብቀው መሆኑን ስለሚያሰላ የሚያቀርበው ዋጋ በዚያው መጠን ይቀንሳል። በሊዝ የተገኘ ቦታ ግንባታው ሳይጀመር ወይም ከግማሽ ሳይደርስ የሚተላለፍ ከሆነ ደግሞ በዚሁ አዋጅ መሠረት ሻጩ የሚያስቀረው የከፈለውን የሊዝ ገንዘብ ከነባንክ ወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። መሠረት አውጥቶ ያቆመ ሰው ከመሸጡ በፊት ይህን ቢመዝን ተገቢ ነው።

አንድ ቤት፣ ብዙ ግምት

ተገልጋዮች አዘውትረው የሚያነሱት ቅሬታ «ቤቴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የተለያየ ዋጋ ወጣለት» የሚል ነው። ይህ የግድ ስሕተት አይደለም፤ ግምቶቹ የተሠሩት ለተለያየ ዓላማ ሊሆን ይችላል።

የባንክ መሃንዲስ የሚገምተው ተበዳሪው ዕዳውን መክፈል ቢያቅተውና ቤቱ በሐራጅ ቢሸጥ ባንኩ ገንዘቡን ሊያስመልስበት የሚችለውን ዋጋ እያሰበ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ ያበዛል፤ ዋጋውም ከገበያው ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ማዘጋጃ ቤቱና የገቢዎች መሥሪያ ቤት ስም ሲዛወር የሚጠቀሙበት ግምት ለግብርና ለቀረጥ ስሌት የሚያገለግል ሲሆን፣ የሚመሠረተውም በከተማው በጸደቀ የግንባታ ዋጋ ሠንጠረዥ ነው። ለልማት ሲባል ቤት ሲነሣ የሚሠራው የካሳ ግምት በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚመራ ሲሆን፣ ዓላማውም ተነሺው ያጣውን ንብረት በአዲስ መተካት እንዲችል ነው። ፍርድ ቤት በፍቺ ወይም በውርስ ክርክር የሚያዝዘው ግምት ደግሞ ባለመብቶቹ ድርሻቸውን በገንዘብ እንዲቀባበሉ፣ ካልተስማሙም ለሐራጅ መነሻ እንዲሆን ነው።

ሻጩ እንግዲህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ቤቴ ስንት ያወጣል?» ሳይሆን «ይህ ግምት የሚሠራው ለማንና ለምን ነው?» የሚል ነው። ለካሳ የተሠራን የቆየ ግምት ለገዢ ማሳየት፣ ወይም የባንክን ግምት የገበያው ጣሪያ አድርጎ መቀበል ሁለቱም ያሳስታሉ።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ ሪል ስቴት ልማት እንዲሁም ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ ማጽደቁ፣ በዚያው ዓመትም የንብረት ታክስ አዋጅ መጽደቁ፣ የግምት ሥራ ከእንግዲህ በየቤቱ የሚያንኳኳ ጉዳይ እንደሚሆን ያመለክታል። የዛሬ ሻጭ የሚያስተካክለው ሰነድ ነገ ለገዢውም ለታክስ ምዝገባው መሠረት ነው።

ሰነድ ከቀለም ይቀድማል

ብዙ ሻጮች ለግምት ሲዘጋጁ በመጀመሪያ የሚያስቡት ቤቱን ማስቀባት ነው። ቀለም ያምራል፤ ነገር ግን ገማቹ በሰነድ ያልተረጋገጠን ክፍል እንዳለ አይቆጥረውም። ከሁሉ በፊት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ወይም ካርታው ከነፕላኑ ይውጣና ከመሬቱ ጋር ይመሳከር። በካርታው ላይ 200 ካሬ ሜትር ተጽፎ በአጥር የተከለለው 230 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ትርፍ ሆኖ የተገኘው 30 ካሬ ሜትር ግምት ውስጥ አይገባም። በዚያ ላይ የተሠራ ክፍል ካለ ደግሞ ጠቅላላ ዝውውሩን ሊያዘገየው ይችላል። እንዲህ ያለው ልዩነት በከተማው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በኩል አስቀድሞ መፍትሔ ሊያገኝ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት የከተማ ይዞታ ምዝገባና የካዳስተር ሥራ በተካሄደባቸው ሰፈሮች የተመዘገበው ልኬት ከአሮጌው ካርታ ጋር ላይገጥም ስለሚችል፣ የትኛው እንደሚሠራበት በጽሑፍ መጠየቅ ይመረጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ የግንባታ ፈቃድ ነው። የሕንፃ ሕጉ ግንባታ በፈቃድ እንዲሠራ ያዝዛል። በአካባቢያችን አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ክፍል፣ ቀጥሎ ማዕድ ቤት፣ ልጅ ሲያድግ ሰርቪስ፣ ከዚያም ለኪራይ የሚሆን መደዳ ክፍል ይጨመራል። ፈቃድ የተሰጠው ግን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ብቻ ሆኖ ይገኛል። ገማቹ የተጨመሩትን ክፍሎች ቢለካቸውም በሪፖርቱ ላይ «ፈቃድ ያልቀረበበት» ብሎ ይመዘግባቸዋል፤ ባንክም ዋጋቸውን አይቀበልም። ስለዚህ ፈቃዱን ፈልጎ ማግኘት፣ ከሌለም ሕጋዊ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ከከተማው የሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አዲስ ኮርኒስ ከማሠራት የበለጠ ገንዘብ ያስገኛል።

ሦስተኛው የባለቤትነት ሰንሰለት ነው። ቤቱ በባልና በሚስት የጋራ ንብረትነት የተያዘ ከሆነ ያለ ሁለቱ ስምምነት ሊሸጥ አይችልም፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ይህንኑ ይደነግጋል። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ሻጩ ያላገባ ከሆነ የጋብቻ ሁኔታውን የሚገልጽ ማስረጃ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ መሥሪያ ቤት ያዘጋጅ። ቤቱ በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ወጥቶ፣ ስሙ ወደ ወራሾች ዞሮ፣ ሁሉም ወራሾች መስማማታቸው በጽሑፍ ሊረጋገጥ ይገባል። ከወራሾቹ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሰ ካለ ጉዳዩ አስቀድሞ በፍርድ ቤት መታየት አለበት። በወላይታ ቤተሰብ ከያለበት የሚሰባሰበው ለጊፋታ በዓል በመስከረም በመሆኑ፣ ከአንድ በላይ ወራሽ ያለበት ቤት ጉዳይ በዚያ ሰሞን ቢያዝ ፊርማ ለማሰባሰብ ይቀላል።

ውጭ አገር ወይም በሌላ ከተማ የሚኖር ባለቤት በውክልና የሚያሸጥ ከሆነ፣ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። በውክልናው ላይ «ለመሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ መስፈሩን፣ ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነም በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ታይቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጡን ያጣሩ።

ቀላል የሚመስል ነገር ግን ብዙ ዝውውር የሚያደናቅፍ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የስም አጻጻፍ። ከብዙ ዓመታት በፊት የተሰጠ ደብተር ላይ የአያት ስም አይኖርም፣ ወይም በወላይትኛ የሚጠራው ስም በአማርኛ በሌላ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። የፋይዳ መታወቂያው፣ ካርታውና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ሦስት የተለያየ አጻጻፍ ካላቸው፣ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ቀድሞ ይውጣ።

በመጨረሻም ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ይጣራ። ከዓመታት በፊት ተከፍሎ ያለቀ ብድር የእገዳ ደብዳቤው ሳይነሣ በመዝገብ ላይ የሚገኝበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። አበዳሪው ባንክ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ በመዝገብ ክፍሉ እስኪሠረዝ ድረስ ቤቱ እንደታገደ ይቆጠራል። የዓመታዊ የቦታ ኪራይና የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኞች፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብም እስከ ያዝነው ዓመት ድረስ ተሟልተው ይቀመጡ።

ዱቦና መሰል አካባቢዎች

ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከአረካ አቅራቢያ በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ የምትገኘው ዱቦ፣ በቅድስት ማርያም ሆስፒታሏ ምክንያት ከአካባቢዋ ውጭም ትታወቃለች። እንዲህ ያለ ተቋም ባለበት ስፍራ የቤትና የኪራይ ፍላጎት ይኖራል፤ ዙሪያው ግን እንሰትና ቡና የተተከለበት የገበሬ ይዞታ ነው። በዚህ ዓይነት አካባቢ ለሚሸጥ ቤት ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «ቤቱ ያረፈበት መሬት ከተማ ነው ወይስ ገጠር?» የሚለው ነው።

መሬቱ በከተማ ክልል ውስጥ ተካልሎ በማዘጋጃ ቤት የይዞታ ማረጋገጫ የተሰጠበት ከሆነ ከላይ የተገለጸው ሁሉ ይሠራል። በገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የተያዘ ከሆነ ግን አርሶ አደሩ መሬቱን መሸጥ አይችልም፤ ይዞታውን በውርስና በስጦታ የሚያስተላልፈውም ሕጉ ለይቶ ለጠቀሳቸው ሰዎች ብቻ ነው። ከእርሻ መሬት ላይ ተቆርጦ፣ በሽማግሌ ፊት በወረቀት ተጽፎ፣ ቤት ተሠርቶበት «ቤት» ተብሎ የሚሸጥ ቦታ በአገራችን በከተሞች ዳርቻ ሁሉ ይታያል። ሻጩም ገዢውም በቅን ልቦና ቢዋዋሉም እንዲህ ያለው ወረቀት ከፍርድ ቤት ደጃፍ አያልፍም። ባንክ አያበድርበትም፤ ማዘጋጃ ቤት ስም አያዞርበትም፤ ገማች ቢመጣም ሊገምት የሚችለው የግድግዳውንና የጣሪያውን ዋጋ ብቻ ነው። ገዢ የከፈለውን ሲያጣ፣ ሻጭ ደግሞ አስቀድሞ ያጠፋውን ገንዘብ መልስ ሲባል፣ ጉዳቱ ሁለቱንም ያገኛቸዋል።

ስለሆነም በዱቦም ሆነ በሌሎች በማደግ ላይ ባሉ የገጠር ማዕከላት ያለ ባለቤት ገማች ከመጥራቱ በፊት ቀበሌውንና የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ቦታው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ፣ ወደ ከተማ የመካለል ሒደት ላይ ከሆነም ሒደቱ የት እንደደረሰ በጽሑፍ ያግኝ። አካባቢው ሊካለል ነው የሚል ወሬ ዋጋ ያስጨምራል፤ ወሬ ግን ሰነድ አይደለም።

ገማቹ ቤቱን እንዴት ያያል?

በአገራችን በስፋት የሚሠራበት ስልት የመተኪያ ዋጋ ስሌት ነው። ይህም ያንኑ ቤት ዛሬ በአዲስ መልክ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ወጪ አስልቶ፣ ከዕድሜውና ከጉዳቱ የተነሣ ያጣውን ዋጋ መቀነስ ነው። በውጭው ዓለም የሚዘወተረው ከሌሎች የተሸጡ ቤቶች ጋር የማነጻጸር ስልት በእኛ ዘንድ የሚከብደው፣ በውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ዋጋ ስላልሆነ ነው። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እንመለሳለን።

ለማስረዳት ያህል የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። የብሎኬት ቤት ስፋቱ 90 ካሬ ሜትር ነው፤ አንዱን ካሬ ሜትር በአዲስ ለመሥራት 20,000 ብር ይፈጃል ቢባል ጠቅላላው 1,800,000 ብር ይሆናል። ለዕድሜው 25 በመቶ ቢቀነስ 1,350,000 ብር ይቀራል። በግቢው ጀርባ ያለው 24 ካሬ ሜትር ሰርቪስ በካሬ 12,000 ብር ተሰልቶ፣ ያው 25 በመቶ ሲቀነስለት 216,000 ብር ይጨምራል፤ ድምሩ 1,566,000 ብር ነው። ሰርቪሱ ፈቃድ ስላልቀረበበት ቢታለፍ ሻጩ በግምቱ ላይ የሚያጣው ያንን 216,000 ብር ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ እንጂ የሶዶ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ የስሌቱ አካሄድ ግን ይህ ነው።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ዋጋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዋና ነገር ስፋትና የግንባታ ዓይነት ነው። ባለሙያው መሠረቱ በድንጋይ መሆኑን፣ ምሰሶና ማሰሪያ ቢም መኖሩን፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ሸክላ ወይም እንጨትና ጭቃ መሆኑን፣ የጣሪያውን ማገርና ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ መሆኑን፣ በርና መስኮቱ እንጨት፣ ብረት ወይም አሉሚኒየም መሆኑን ይመዘግባል። አጥር፣ የግቢ ንጣፍ፣ የውኃ ታንከርና የፍሳሽ ጉድጓድ ለየብቻ ይሰላሉ። በልስን የተሸፈነ ነገር አይታይም፤ ስለዚህ መሠረቱ ሲወጣ፣ ብረቱ ሲታሠር የተነሡ ፎቶግራፎች፣ የመዋቅር ፕላንና የግዢ ደረሰኞች ካሉ ይቅረቡ። በጭቃ ተሠርቶ በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት በብሎኬት ዋጋ እንዲገመት መሞከር ግን ከንቱ ነው፤ ልምድ ያለው መሃንዲስ የግድግዳውን ውፍረትና ድምፅ አይቶ ይለያል።

ሁለተኛ፣ የዕድሜ ቅናሹ በቤቱ ይዞታ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ሻጩ ሊያሻሽለው የሚችለው ይህንን ነው። በወላይታ ደጋና ወይና ደጋ የበልግና የክረምት ዝናብ ተከታትሎ ስለሚጥል የጣሪያ ፍሳሽ በኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ይተዋል፤ ገማቹ ከበሩ ሳያልፍ የሚያየው ይህንን ነው። የተነቀለ ቆርቆሮ ማስመታት፣ አሸንዳውን ማስተካከል፣ የዝናብ ውኃ ከመሠረቱ የሚርቅበትን ቦይ ማውጣት በጥቂት ወጪ የሚሠሩ ናቸው። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ከሆነ ምስጥ የበላውን ማዕዘን አስቀድሞ መለወጥ ያስፈልጋል። ግቢው ተዳፋት ላይ ከሆነ ወይም በአጠገቡ ቦረቦር ካለ፣ የድጋፍ ግንብ ወይም የውኃ መውረጃ መኖሩ የስጋቱን ግምት ይቀንሳል።

በአንጻሩ ለሽያጭ ሲባል ውድ ሴራሚክ ማንጠፍ፣ የጅብሰም ጌጥ ማሠራት ወይም ወጥ ቤቱን ከነቁም ሳጥኑ መቀየር ያወጡትን ያህል አይመልስም። ስንጥቅ ላይ በችኮላ ቀለም መቀባትም አይመከርም። ባለሙያው አዲስ ቀለም በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ሲያይ ከሥሩ ምን እንዳለ ይጠይቃል፤ ገዢው ኋላ ቢደርስበት ደግሞ የተደበቀ ጉድለት ተብሎ ሻጩን በሕግ ያስጠይቃል። ስንጥቁ የልስን ብቻ ከሆነ ይህንኑ ተናግሮ ማሳየት ይበልጣል።

ገማቹ በሚመጣበት ዕለት

ክፍሎች ሁሉ ተከፍተው፣ የተከራይ ክፍል ካለም ተከራዩ አስቀድሞ ተነግሮት ይጠብቁ። የተቆለፈ ክፍል በግምት ይለካል፤ ወይም ይታለፋል። በጆንያና በዕቃ የታጨቀ መጋዘን ወለሉና ግድግዳው ስለማይታይ ዝቅ ብሎ ይመዘገባል። መብራቱ ይብራ፤ ቧንቧው ይከፈት። የሰነዶቹ ቅጂ በአንድ ማኅደር ተዘጋጅቶ ዋናዎቹ ለማመሳከር ይቅረቡ። ቤቱን የሚያውቅ አንድ ሰው አብሮ ይዙር፤ ጎረቤትና ደላላ ተሰብስቦ ዋጋ ሲጣራ መዋሉ ግን ሥራውን ያውካል እንጂ አይረዳም።

ለገማቹ ከተወሰነው የአገልግሎት ክፍያ ውጭ ማናቸውንም ገንዘብ መስጠትም ሆነ መቀበል ወንጀል ነው። በዚህ መንገድ ከፍ የተደረገ ግምት ባንኩ በድጋሚ ሲያስፈትሽ ወዲያው ይወድቃል።

ግምቱ ዝቅ ካለ

ሻጩ ሪፖርቱን በጽሑፍ እንዲያይ ይጠይቅ። ለገዢው ብድር የተሠራ ከሆነ ሪፖርቱ የባንኩ በመሆኑ በገዢው በኩል መጠየቅ ይቻላል። ከዚያም ዋጋውን ሳይሆን መረጃውን ይመርምር፤ ስፋቱ ልክ ነው ወይ? የተዘለለ ክፍል አለ ወይ? የግንባታው ዓይነት በትክክል ተጽፏል ወይ? የግንባታ ዘመኑስ? የአቤቱታ መነሻ ሊሆኑ የሚችሉት እንዲህ ያሉ ስሕተቶች ናቸው፤ «አነሰብኝ» የሚል አቤቱታ ብቻውን አይታይም። ስሕተት ከተገኘ ማስረጃ ተያይዞ ድጋሚ ምልከታ በጽሑፍ ይጠየቅ።

መረጃው ትክክል ሆኖ ባንኩ ገዢና ሻጭ ከተስማሙበት በታች ቢገምት፣ ባንኩ የሚያበድረው በራሱ ግምት መሠረት ነው፤ ልዩነቱን ገዢው ከኪሱ መሙላት ይችል እንደሆነ ቀብድ ከመቀበል በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። ብድሩ ባይፈቀድ ወይም ቢያንስ ቀብዱ ምን እንደሚሆን በውሉ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር አለመኖሩ ብዙ ሰው ያካሰሰ ጉዳይ ነው።

ውልና ግብር

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መደረግና ውል በማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይደነግጋል። በሽማግሌዎች ፊት ብቻ የተፈረመ ወረቀት ለዚህ አይበቃም። ባለቤትነት የሚተላለፈው ደግሞ ስሙ በመዝገብ ላይ ሲዛወር ነው።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 ለንብረት ስም ማዛወሪያ የዋጋውን 2 በመቶ የደነገገ ሲሆን፣ ይህን በተለምዶ የሚከፍለው ገዢው ነው። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት በማስተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። ግብሩ የሚሰላው በሽያጩ ዋጋ ሙሉ ላይ ሳይሆን ቤቱ ከፈጀው ወጪ በላይ በተገኘው ትርፍ ላይ ነው። የሲሚንቶ፣ የብረትና የእጅ ሥራ ክፍያ ደረሰኝ ያስቀመጠ ሻጭ የሚጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያነት ያገለገለ ቤት በሕጉ በተመለከተው ሁኔታ ከዚህ ግብር ነፃ የሚሆንበት አግባብ ስላለ፣ ሻጩ ውል ከመፈረሙ በፊት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በሥራ ላይ ያለውን ደንብና ምጣኔ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

ግብር ለመቀነስ በውሉ ላይ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ መጻፍ በሰፊው የሚታይ ልማድ ነው። በግብር ሕግ የሚያስቀጣ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ለሻጩም አደጋ ነው። ገዢው ቀሪውን ገንዘብ ቢከለክል ሻጩ በፍርድ ቤት ሊያስረዳ የሚችለው በተመዘገበው ውል ላይ የሰፈረውን ዋጋ ነው። ከዚህም ሌላ የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ የውሉን ዋጋ ከራሱ ግምት ጋር ስለሚያመሳክርና ከፍ ባለው ላይ ስለሚያስከፍል፣ ይገኛል የተባለው ቅናሽ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ገዢውም ቢሆን ነገ መልሶ በሚሸጥበት ጊዜ ትርፉ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ስለሚሰላበት የሻጩን ግብር ጭምር ይሸከማል።

የግምት ሪፖርት ለረጅም ጊዜ አይቆይም። የግንባታ ዕቃ ዋጋ በፍጥነት በሚለዋወጥበት ጊዜ ከአንድ ዓመት በፊት የተሠራ ግምት ለድርድር እንኳ አያገለግልም። ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች የራሳቸው የጊዜ ገደብ ስላላቸው ግምቱ ሰነዶቹ ከተሟሉ በኋላ፣ ገዢው ከታወቀና የክፍያው መንገድ ከተለየ በኋላ ቢሠራ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል። በሶዶ፣ በአረካና በቦዲቲ ከተሞች ያሉ ተገልጋዮች ስለ ካርታ፣ ስለ ግንባታ ፈቃድና ስለ ስም ዝውውር ማብራሪያ ለማግኘት የየከተማቸውን ማዘጋጃ ቤት፣ በዱቦና በገጠር ቀበሌዎች የሚገኙ ደግሞ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት የይዞታ ማስረጃቸውን ዋናውንና ቅጂውን ይዘው መጠየቅ ይችላሉ።